ከሐይቁ በላይ ያለፈው ብርሃን ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሠርክ ጉባኤ ስመለስ ከሐይቁ በላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ ብርሃኖች ያለ ድምፅ ሲያልፉ አየሁ። ጓደኛዬ «መላእክት ናቸው» አለችኝ። እኔም ቀርጬው ስለነበር «መላእክት ታዩ» ብዬ ለጽዋ ማኅበራችን በቴሌግራም ላክሁት። ጎረቤታችን ደግሞ «አጋንንት ናቸው፤ የአሜሪካ ጦር ደርሶበት ደብቆታል፤ ስምንተኛው ሺህ ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ? ወለተ ማርያም።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። መጀመሪያ የጦሩን ነገር እንጨርስ።

የአሜሪካ አየር ኃይል በሰማይ የታዩ ያልታወቁ ነገሮችን የሚያጣራ «ብሉ ቡክ» የሚባል ምርመራ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1969 ከታዩት ነገሮች 12,618 በመዝገቡ ተይዘዋል። አብዛኞቹ ሲጣሩ ኮከብ፣ ፊኛ፣ አውሮፕላን ሆነው ተገኙ። 701ዱ መልስ አላገኙም።

ጎረቤታችሁ የሚይዘው ይህችን 701 ይመስለኛል። ግን እነዚያ ወታደሮች ምን ብለው ጻፉ? «ያልታወቀ»። ጋኔን አላሉም፣ እንግዳ ፍጡርም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 የተቋቋመው የመከላከያ ሚኒስቴራቸው መርማሪ ቢሮም በ2024 ባወጣው ዘገባ ከሌላ ዓለም ለመጣ ነገር ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል።

የተደበቀ ነገር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበር፤ የራሳቸው አውሮፕላን! «ዩ-2» የተባለው የስለላ አውሮፕላን ከ60,000 ጫማ በላይ ይበር ነበር። ታች ሲመሽ ላይ ፀሐይ ስለምታገኘው ያብረቀርቃል። ያየው ሰው ይደነግጣል፣ ጦሩ ደግሞ እውነቱን መናገር አይችልም።

ያንቺም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ስታርሊንክ የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ሳተላይቶች በተወነጨፉ ሰሞን ተከታትለው በሰልፍ ያልፋሉ። ድምፅ የላቸውም። ከመሸ በኋላ ፀሐይ ከላይ ስታገኛቸው እንደ መቁጠሪያ ይታያሉ። አንቺ ያየሽው በትክክል እሱ ነው ብዬ ግን አልምልም፤ አብሬሽ አልነበርኩማ።

መላእክትስ? እንደሚራዱን እናምናለን። የኤልሳዕ ሎሌ የእሳት ሠረገላዎችን ያየው ግን ነቢዩ ጸልዮ እግዚአብሔር ዓይኑን ስለከፈተለት ነው (2ኛ ነገሥት 6፥17)። አጠገቡ የነበረ ሁሉ አላየም። ስልክ ይዞ የቆመ ሁሉ የሚቀርጸው ነገር ከሆነ፣ እኔ ቀስ እላለሁ።

ስለ ፍርሃቱ ኤርምያስ «ከሰማይ ምልክትም አትፍሩ» ይላል (10፥2)። ስምንተኛው ሺህ የምትሉት ደግሞ አዲስ ወሬ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር፣ በባሕረ ሐሳብ ቁጥር፣ ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል! አባቶቻችን በውስጡ ቀድሰው፣ አርሰው፣ ልጅ ድረው አልፈዋል። የተለየ ሱባኤ አያስፈልግሽም። የዘወትር ጸሎትሽን አድርሺና ተኚ። እንቅልፉ እንቢ ካለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ብርሃኑ ሳይሆን ቴሌግራሙ ነው። ማየትሽ እውነት ነው፤ «መላእክት» የሚለው ግን ከጓደኛሽ የተጨመረ ነው። ያላወቁትን እንዳወቁ መመስከር ከሐሰት ምስክርነት ብዙም አይርቅም፤ በቅን ልብ ቢደረግም። ለማኅበሩ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ያየሁት ብርሃን ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም። መላእክት ያልኩት ተሳስቼ ነው።» ዛሬውኑ ላኪው፤ ቪዲዮው ሌላ ግሩፕ ሳይገባ።