የመጋዘን መተላለፊያ መጨናነቅን ማጥናት ሥራ ያስገኛል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣ የኢንዱስትሪያል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንሽን፣ ገላን አካባቢ በሚገኝ መጋዘን ለተግባር ልምምድ በቆየሽበት ጊዜ ዕቃ አውጪዎች በመደርደሪያዎቹ መካከል ጋሪያቸውን ይዘው ሲጠባበቁ ማየትሽንና ይህንን መጨናነቅ የመተላለፊያውን እንቅስቃሴ አስመስሎ በሚያሳይ የኮምፒውተር ሞዴል ለማጥናት ስታስቢ ጓደኞችሽ «ሥራ አያስገኝልሽም» እንዳሉሽ ጽፈሽልናል። ርዕሱን እንዳትቀይሪው እመክርሻለሁ።

ምክንያቴን በምሳሌ ላስረዳሽ። በአንድ መተላለፊያ ውስጥ 6 ሠራተኞች ቢኖሩና እያንዳንዱ ገብቶ እስኪወጣ በአማካይ 3 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ ጆን ሊትል የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ባረጋገጠው ሕግ መሠረት (በውስጥ ያሉት ሰዎች ቁጥር ለአማካይ ቆይታቸው ሲካፈል) በየደቂቃው 2 ሰው ጨርሶ ይወጣል። ትእዛዝ በዝቶ ኃላፊው ሠራተኞቹን 9 ቢያደርጋቸውና በመጠባበቅ ምክንያት የእያንዳንዱ ቆይታ 4 ደቂቃ ተኩል ቢደርስ፣ የሚወጣው አሁንም ያው 2 ነው፤ የ3 ሰው የቀን ሒሳብ ያለ ጥቅም ተከፈለ ማለት ነው። ይህንን በራሱ በመጋዘኑ ቁጥር ያሳየ ተመራቂ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው አያጣም።

ሆኖም በሶፍትዌር አትጀምሪ። ስልክሽን ይዘሽ ሠራተኛው መደርደሪያው ጋ የደረሰበትን፣ ማውጣት የጀመረበትንና የሄደበትን ሰዓት መዝግቢ። አንዱ የሳሙና ካርቶን አንስቶ ወዲያው ሲያልፍ ሌላው ትንሽ ዕቃ ፍለጋ ጎንበስ ብሎ ይቆያል፤ መተላለፊያው ጠባብ ከሆነ ከኋላ ያለው ማለፍ ስለማይችል መጨናነቁን የሚፈጥረው በአብዛኛው ይህ ልዩነት ነው። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ይዘሽ አትመለሺ። ለሠራተኞቹም የምትለኪው መተላለፊያውን እንጂ እነርሱን እንዳልሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የቀን ሠራተኛ ሰዓት የያዘ ሰው ሲያይ እንጀራው የተነካ ይመስለዋል፣ ይህንን ስጋት ማክበር ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሲምፓይ (SimPy) በተባለው፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በሚሠራና በነፃ በሚገኝ የማስመሰያ መሣሪያ ሁለት ሠራተኞችና አንድ መተላለፊያ ብቻ ያለው ሞዴል ሠርተሽ ውጤቱን ከለካሽው ጋር አስተያዪ፤ ካልተቀራረበ ሠራተኛ አትጨምሪበት።

በቃሊቲና በዱከም መጋዘኖች «ሞዴል ሠሪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። መግቢያሽ የክምችት ቁጥጥር ወይም የሎጂስቲክስ የሥራ መደብ ሊሆን ይችላል፤ በሥራ ማመልከቻሽ ላይም የሶፍትዌሩን ስም ከመጻፍ ይልቅ ስንት ደቂቃ በመጠባበቅ እንደሚባክንና ምን ለውጥ እንዳቀረብሽ ጻፊ። ለአሁኑ ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፊ፤ ዘይትና ዱቄት በብዛት የሚወጣበት የበዓል ሰሞን ሳያልፍሽ መለካት ይኖርብሻል።