ዳገት ላይ አልነሳ የሚል ኦቶማቲክ ቫን

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሰው የማመላልስበት ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ቫን አለኝ። ካምቢዮው ባለ 5 ማርሽ ኦቶማቲክ ነው። ከገዛሁት ጀምሮ ከቆመበት ሲነሳ ትንሽ ይከብደው ነበር፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ባሰበት። በተለይ ሐረጎ ዳገት ላይ ሰው አውርጄ ስነሳ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ያህል ያቃስታል እንጂ አይነሳም፤ የሞተሩ ዙር 1400 አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በድንገት ይነቃና ይወረወራል። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ግን የሚጎድለው ነገር የለም። መካኒኬ «ካምቢዮው አልቋል፣ ሌላ ይገዛ» ብሎኛል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ነዳጅ መስጫው ላይ የሚገጠም፣ መኪናውን ያነቃል የሚባል ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንድገዛ መክሮኛል። የማንን ልስማ?
ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፤ የሁለቱንም ምክር ለጊዜው ያቆዩት። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመን ዙሩ 1400 ላይ ይቆማል ያሉት ነው። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጣዊ ፍሪሲዮኖች ተበልተው ወይም የካምቢዮው ዘይት ጎድሎ ቢሆን ኖሮ፣ ነዳጅ ሲሰጡ የሞተሩ ዙር ወደ ላይ እየጮኸ ይወጣና መኪናው ባለበት ይቀር ነበር፤ ማርሹን ከኤን ወደ ዲ ሲያስገቡም መኪናው እስኪይዝ ድረስ ጉልህ መዘግየት ይኖር ነበር። በእርስዎ መኪና ላይ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ዙር ማንሳት አቅቶታል። ስለዚህ ካምቢዮ ከመግዛትዎ በፊት ሞተሩ አየር የሚያገኝበትን መንገድ ማስመርመር ይቀድማል።

ነገሩ እንዲገባን ከቦታው እንጀምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ይህን የመሰለውን ጉድለት የሚሞላ ቢሆንም፣ ቱርቦን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነውና ሞተሩ ዙር እስኪያነሳ ድረስ ቱርቦው አለ ማለት አይቻልም። በአብዛኞቹ የዚህ መጠን የናፍጣ ሞተሮች ቱርቦው በትክክል መግፋት የሚጀምረው በደቂቃ ከ1500 እስከ 1800 ዙር ባለው መካከል ነው። ከዚያ በታች ሞተሩ የሚተነፍሰው የደሴን ስስ አየር እንዳለ ነው፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም ጥቁር ጭስ እንዳይበዛ ሲል ናፍጣውን በገባው አየር ልክ ስለሚመጥነው፣ እግርዎ ወለሉን ቢነካም ተጨማሪ ናፍጣ አይሰጥም።

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ሲታከልበት ችግሩ ራሱን የሚመግብ ይሆናል። በማንዋል መኪና ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ የሞተሩን ዙር 2000 ካደረሰ በኋላ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ስለዚህ ቱርቦው ነቅቶ ይጠብቀዋል። በኦቶማቲክ ግን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በዘይት የሚሠራው ቶርክ ኮንቨርተር ነው፤ መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ እስከ ስንት ዙር እንደሚወጣ የሚወሰነውም ሞተሩ በዚያ ሰዓት ባለው ጉልበት ነው። ጉልበቱ ሲያንስ የሚደርስበት ዙር ያንሳል፤ ዙሩ ሲያንስ ቱርቦው ይዘገያል፤ ቱርቦው ሲዘገይ ጉልበቱ እንደገና ያንሳል። መኪናው ትንሽ ተንቀሳቅሶ ዙሩ ያቺን ደፍ ሲሻገር ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣና እርስዎ እንዳሉት ይወረወራል።

እንግዲህ ከገዙት ጀምሮ የነበረው «ትንሽ መክበድ» የቦታውና የአሠራሩ ውጤት ነው ብንል አንሳሳትም። ከክረምት ወዲህ የባሰውን ግን በከፍታው ማመካኘት አይቻልም፤ የሐረጎ ከፍታ ዘንድሮም እንደ አምናው ነው። አንድ የተበላሸ ነገር አለ። ከቻሉ አንድ ቀን ጭነት ሳይበዛ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ይውረዱ። ቆላው ላይ ሲደርሱ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ደህናው መኪና በግልጽ ይነቃል። እዚያም ቢሆን ሲነሳ የሚያቃስት ከሆነ ብልሽቱ ከባድ ነው ማለት ነው።

ብልሽቱን ስንፈልግ «ከ40 በላይ ምንም አይጎድለውም» ያሉትን አንርሳ። ጋራዦቻችን ጉልበት አነሰ ሲባል መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮ ይቀይራሉ፤ መቀየሩ ባይጎዳም፣ የተዘጋ የናፍጣ ፊልትሮ ወይም የተደፈነ ማርሚታ ይበልጥ የሚያስቸግረው በከፍተኛ ዙርና በሙሉ ጭነት ብዙ ናፍጣና ብዙ ጭስ በሚያልፍበት ጊዜ ነው። ታች ብቻ ደክሞ ላይ ደህና የሆነ ሞተር የሚያመለክተው ወደ ሌሎች ነገሮች ነው።

በእኔ ግምት ዋናው ተጠርጣሪ ቱርቦው ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክንፎች ናቸው። በዚህ ዓይነት ቱርቦ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ክንፎቹ ተጠጋግተው የጭሱን መተላለፊያ ያጠቡታል፤ ጭሱ በጠባቡ በኩል እየተወረወረ ስለሚያልፍ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። ጥላሸት ይዟቸው ተከፍተው ከቀሩ ከታች የሚረዳ ነገር አይኖርም፤ ዙር ሲበዛ ግን ጭሱ በራሱ በቂ ስለሚሆን ጉድለቱ አይታወቅም። ቀኑን ሙሉ በአጭር መንገድ እየቆመ የሚነሳ መኪና ጥላሸት ይበዛበታል። ክንፎቹ በቫኪዩም (አየር በመሳብ ኃይል) የሚታዘዙ ከሆነ ምርመራው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ቱርቦው ጎን ያለችው ዘንግ መሳብ፣ ሲጠፋ መመለስ አለባት። ካልተንቀሳቀሰች ወይም እየተያዘች ከሄደች፣ ቱርቦውን ከመንቀልዎ በፊት ቀጫጭኖቹን የቫኪዩም ቱቦዎች ያስፈትሹ፤ የተሰነጠቀች አንዲት ቱቦ ተመሳሳይ ምልክት ታመጣለች።

ከዚህ ቀጥሎ የተቃጠለውን ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ ይመጣል። በጥላሸት ተይዞ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ያ ስስ የደጋ አየር በጭስ ተተክቶ ይገባል፤ ምልክቱ ሲነሱ ከኋላ የሚወጣ ጥቁር ጭስ ነው። ከቱርቦው የወጣውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርና ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ትልልቅ የጎማ ቱቦዎች ተሰንጥቀው ወይም ማሰሪያቸው ላልቶ ከሆነም ጥቁር ጭስ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ የፉጨት ድምፅና በቱቦው መጋጠሚያ ላይ የዘይት እርጥበት ይታያል። ጭስ ከሌለና መኪናው ዝም ብሎ ከደከመ ደግሞ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር አቧራ ለብሶ አሳንሶ እየቆጠረ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ሐሰተኛ ቁጥር ናፍጣውን ይቀንሳል። ይህን ሴንሰር በጨርቅ አያስጠርጉት፤ ለእሱ የተሠራ የሚረጭ ማጽጃ አለ።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱ የብልሽት ኮድ እንዲያነቡልዎ ብቻ አይጠይቁ፤ ከእነዚህ ብልሽቶች አንዳንዶቹ ኮድ አያስቀምጡም። ስካነሩ እንደተሰካ መኪናው ዳገት ላይ እየተነዳ፣ ኮምፒውተሩ ከቱርቦው የጠየቀው ግፊትና በእርግጥ የተገኘው ግፊት ጎን ለጎን ይታዩ። የተገኘው ከተጠየቀው እጅግ ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬው በአየሩ መንገድ ላይ ይጸናል። ሁለቱ ተከታትለው እየሄዱ መኪናው አሁንም ካልተነሳ ብቻ ነው ወደ ካምቢዮው የምንመለሰው፤ ያኔም ቢሆን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው፣ የዘይቱን ፍሰት አቅጣጫ የሚያስተካክለው ስቴተር ነው። ስቴተሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር የሚይዘው ክፍል ሲለቅ፣ ኮንቨርተሩ በመነሻ ላይ የሞተሩን ጉልበት የማባዛት ችሎታውን ያጣል፤ ፍጥነት ሲመጣ ግን መኪናው ደህና ይመስላል። ይህ ቢሆን እንኳ የሚቀየረው ኮንቨርተሩ እንጂ ሙሉ ካምቢዮው አይደለም።

አንድ ተራ የሚመስል ነገርም ይመልከቱ። ቫኑ ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ከሆነ፣ ማርሹ አጠገብ የበረዶ ምልክት ያለበት ቁልፍ ሊኖር ይችላል። ያ ቁልፍ ተጭኖ ከቀረ መኪናው እንዳይንሸራተት ሲል በ2ኛ ማርሽ ነው የሚነሳው፤ ሐረጎን በ2ኛ የሚነሳ ቫን ደግሞ ቢያቃስት አይፈረድበትም።

ስለ ወዳጅዎ መሣሪያ፦ ነዳጅ መስጫው ላይ የሚገጠመው ዕቃ የሚያደርገው ፔዳሉ ትንሽ ሲረገጥ ብዙ እንደተረገጠ አስመስሎ ለኮምፒውተሩ መናገር ነው። እርስዎ አሁንም እስከ ወለሉ እየረገጡ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚነግረው ነገር የለም። ገንዘብዎን ለቱቦዎቹ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ የእኔ ቫን አዲስ ነው፤ አስመርምሬው አንድም ብልሽት አልተገኘበትም። ነገር ግን ከወልዲያ ወደ ጋሸና በሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ፣ ኩርባ ገብቼ ፍጥነት ቀንሼ ስወጣ ለአፍታ ይሞትብኛል። በአነዳድ የሚታገዝበት መንገድ አለ?
ከወልዲያ

መልስ፦ አለ። ኩርባ ላይ ፍጥነት ሲቀንሱ ካምቢዮው ቶሎ ወደ ታች ስለማይወርድ ሞተሩ በትልቅ ማርሽ ተይዞ ዙሩ ከቱርቦው ደፍ በታች ይወድቃል። ስለዚህ ካምቢዮው እስኪወስን አይጠብቁት፤ በእጅ መቀየሪያው ኩርባው ከመድረሱ በፊት 2ኛ ማርሽ ያስገቡና ዙሩ ከ1800 በታች እንዳይወርድ ያድርጉ። ከቆሙበት ሲነሱ ደግሞ ፔዳሉን በአንዴ ከመጨፍለቅ ትንሽ ቀደም ብሎ በመጠኑ መርገጥና መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር መጨመር ይሻላል። ኤር ኮንዲሽነሩ በዝቅተኛ ዙር የሚወስደው ጉልበት ቀላል ስላልሆነ፣ ዳገቱ እስኪያልቅ ያጥፉት።

በግራ እግር ፍሬን ይዘው በቀኝ ነዳጅ በመስጠት ቱርቦውን አስቀድመው የሚያነቁ ሾፌሮች አሉ። ዘዴው ይሠራል፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለውን ዘይት ወደ ማሞቅ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሰከንድ በላይ ከቆየ ወይም በየፌርማታው ከተደጋገመ ዘይቱን ያቃጥለዋል። ለጭንቅ ቀን ካልሆነ አይልመዱት፤ የለመዱት ከሆነም የካምቢዮውን ዘይት ቀለምና ሽታ ያሳዩ። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ፣ አምራቹ በመመሪያው ላይ በስም በጠቀሰው ዓይነት ዘይት ያስቀይሩት፤ ሱቅ ውስጥ «ለሁሉም ኦቶማቲክ ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን አይቀበሉ።