«ጦርነት»፣ «ዘመቻ» ወይስ «ውጊያ»?

ጥያቄ፦ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፓስፊክ ግንባር በአማርኛ እየጻፍሁ ነው። በሚድዌይና በጓዳልካናል ደሴቶች የተደረጉትን «ጦርነት» ልበላቸው ወይስ «ውጊያ»? አንድ ወዳጄ «የዓድዋ ጦርነት እንደምንለው ለሁሉም ጦርነት ይበቃል» ይለኛል።

መልስ፦ አይበቃም። «ጦርነት» በ«-ነት» የተበጀ ረቂቅ ስም ስለሆነ፣ እንደ «ጠላትነት» ሁሉ በቅድሚያ የሚሰይመው ሁኔታን ነው፤ ጃፓንና አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1941 እስከ ሴፕቴምበር 1945 የነበሩበት ሁኔታ ጦርነት ነው። «ውጊያ» ግን እንደ «ግድያ» ከግስ የወጣ የድርጊት ስም በመሆኑ ቦታና ጊዜ ይፈልጋል፤ በጁን 1942 ጃፓን አካጊ፣ ካጋ፣ ሶርዩና ሂርዩ የተባሉ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቿን፣ አሜሪካም ዮርክታውን የተባለውን ያጡበት የሚድዌይ ግጥሚያ ውጊያ ነው። ጓዳልካናል ከሁለቱም ይለያል። ከኦገስት 7 ቀን 1942 እስከ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1943 በየብስ፣ በባሕርና በአየር የዘለቀ፣ የሳቮ ደሴትን፣ የኬፕ ኤስፔራንስን፣ የሳንታ ክሩዝንና የታሳፋሮንጋን የባሕር ውጊያዎች በውስጡ የያዘ ነውና «ዘመቻ» ይባል።

«ውጊያ» ከ«ወጋ» ስለመጣ ፊት ለፊት መተያየትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ በሜይ 1942 የሁለቱ ወገን መርከቦች ሳይተያዩ በአውሮፕላን የተጠቃቁበትን የኮራል ባሕርን አይገልጽም የሚሉ አሉ። ሥሩን እስከዚህ ከተከተልነው «ጦር»ም በዘንግ ላይ የተሰካ ስለት ነው፤ «የጦር መርከብ» ስንል ግን ዘንግ የሚፈልግ የለም። ግእዝ ለመዋጋት «ጸብአ»፣ ለስሙም «ጸብእ» ይል ነበር፤ በቅዳሴ የምንሰማው «ጸባዖት» በዕብራይስጥ በኩል የመጣ የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። ይህ ክቡር ቃል በአማርኛ «ጠብ» ሆኖ የጎረቤት ንትርክ መጠሪያ እስከ መሆን መውረዱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ፍልሚያ»ስ? በትርጉም ረገድ እንከን የለበትም፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የስፖርት ዘገባ ወስዶታል፤ በኖቬምበር 1943 በጥቂት ቀናት ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበትን የታራዋ ደሴት ውጊያ በእግር ኳስ ቃል መጥራት ይከብደኛል።

ስለ ዓድዋ ወዳጅዎ እውነት አላቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋለው በጥብቅ ሚዛን ውጊያ ነበር፤ «የዓድዋ ጦርነት» ግን ከልጅነታችን የተማርነው ስያሜ ነውና ማንም ሊያርመው አይገባም። «የሚድዌይ ጦርነት»ም በዜናና በትርጉም ሥራ እየተለመደ ስለሆነ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሚድዌይ ጦርነት» ተብሎ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር ክፍሉን ከሙሉው ስለማይለይ፣ እንደ እርስዎ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው አልመክረውም። በኦክቶበር 1944 በፊሊፒንስ በሲቡያን ባሕር፣ በሱሪጋኦ ወሽመጥ፣ በሳማርና በኬፕ ኤንጋኞ አቅራቢያ የተካሄደውን ደግሞ በብዙ ቁጥር «የሌይቴ ባሕረ ሰላጤ ውጊያዎች» ብለው ቢጽፉት እመርጣለሁ።