ስለ ዓለም ኤክስፖ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ኤክስፖ ሲባል ሰምተው የማያውቁም፣ ለመሄድ ያሰቡም ጠይቀውኛል። ተራ በተራ እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከባዛር በምን ይለያል?
መልስ፦ ባዛር መሸመቻ ነው። የዓለም ኤክስፖ ላይ ግን አገሮች ራሳቸውን ነው የሚያሳዩት። በ1851 ለንደን ላይ ተጀመረ፤ ኤፍል ታወርም የተሠራው ለ1889ኙ የፓሪስ ኤክስፖ ነው። አሁን ትልቁ በ5 ዓመት አንዴ ይካሄዳል፣ ቢበዛ 6 ወር ይቆያል።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ይበቃኛል?
መልስ፦ አይበቃሽም እህቴ። ዱባይ ላይ 192 አገሮች ነበሩ። አንድ ቀን ብቻ ካለሽ በጣም የምትፈልጊያቸውን ሁለት ሦስት ፓቪሊዮኖች (አገሮች ራሳቸውን የሚያሳዩባቸውን ቤቶች) ምረጪ፣ የቀረውን እግርሽ እንዳደረሰሽ።

ጥያቄ፦ ወረፋው እውነት እንደሚወራው ነው?
መልስ፦ ከሚወራውም ይብሳል። ድሮም ያው ነው፤ በ1970 ኦሳካ ላይ አሜሪካ ከጨረቃ የመጣ ድንጋይ አቅርባ ሰዉ እሱን ለማየት ለሰዓታት ተሰልፏል። በ2025 ኤክስፖ ወደ ኦሳካ ሲመለስ መግቢያው ራሱ በቀንና በሰዓት የሚያዝ ሆነ፣ ብዙዎቹ ተፈላጊ ፓቪሊዮኖች ደግሞ በዕጣ፤ ዕጣ ያልወጣለት ሦስት ቀን ሲቀረው እንደገና ይሞክራል፣ ያም ካልሆነ ግቢ ከገባ በኋላ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የተለቀቀ ቦታ ይጠብቃል። (ፓወር ባንክ ሳይዙ መሄድ ጀብደኝነት ነው።) ያለ ቀጠሮ የሚገባባቸውም ነበሩ። እንደዚህ ያሉት ጋ በር ሲከፈት ወይም ወደ ማታ መሄድ ነው። እኔ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያሰልፍ ነገር ይቅርብኝ ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ግዙፍ ስክሪን ነው፤ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ የሚስቁ ልጆች። እሱን ዩቲዩብ ላይም አገኘዋለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ደህናው የቱ ነው?
መልስ፦ አንድ ነገር ብቻ የሚናገር። የ2010 ሻንጋይ የእንግሊዝን ፓቪሊዮን ውሰድ። ሣጥን መሰል ቤት ላይ 60,000 ረጃጅም ግልጽ ዘንጎች ተሰክተውበታል፣ በየዘንጉ ጫፍ የዕፅዋት ዘር አለ። የቀን ብርሃን በዘንጎቹ አልፎ ውስጡን ያበራዋል፣ ንፋስ ሲመጣ ውጪው እንደ ፀጉር ይርገበገባል። ተጠግተህ ዘሩን ታያለህ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ የራሳቸው ሕንፃ የሌላቸው አገሮችስ?
መልስ፦ እነሱን እንዳታልፏቸው! በጋራ አዳራሽ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ወረፋ የለም ማለት ይቻላል፣ የቆመው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ ልጅ ነው። ሰላም ብላችሁ ስለ አንድ ዕቃ ጠይቁት፣ ወሬው ከትልልቆቹ ትርኢት ይበልጥ ይጥማል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ይሰለቻሉ?
መልስ፦ የኤክስፖ ፓስፖርት ይግዙላቸው። በየፓቪሊዮኑ ማህተም ይመታበታል፣ ከ1967 ሞንትሪያል ጀምሮ ያለ ነገር ነው። አዋቂውም ለከፎታል፤ ማህተሙን አስመትቶ ዕቃውን ቀና ብሎ ሳያይ የሚወጣ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ሲያልቅ ሕንፃዎቹ የት ይሄዳሉ?
መልስ፦ አብዛኞቹ ይፈርሳሉ። የ1929ኙ የባርሴሎና የጀርመን ፓቪሊዮን በማግስቱ ዓመት ፈርሶ፣ በ1986 እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተሠራ። የብራስልሱ አቶሚየም (ትልልቅ የብረት ኳሶች ተያይዘው የተሠራው ሕንፃ) ግን ከ1958 ጀምሮ እንደቆመ ነው።

ጥያቄ፦ ቀጣዩ የት ነው?
መልስ፦ በ2027 ቤልግሬድ ላይ አነስ ያለው አለ፣ ሦስት ወር የሚቆይ። ትልቁ ሪያድ ነው፤ ጥቅምት 2030 ተጀምሮ መጋቢት 2031 ያልቃል። ሙቀቱን ሸሽተው ነው፣ ቢሆንም ኮፍያ ያዙ።