መጽሔቱን ወደ ኦንላይን ለምታዞሩ ልጆች

ሰሞኑን ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንዷ ደውላ «ጋሼ፣ ኅትመቱን አቁመን ወደ ቴሌግራምና ዌብሳይት ልንዞር ነው፤ ከምን እንጀምር?» አለችኝ። ወረቀት ተወዷል፣ የማተሚያ ቤቱ ወረፋ አያልቅም፣ አንባቢውም ስልኩ ላይ ነው። እውነቷን ነው። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የድሮው ቁጭት ተቀሰቀሰብኝና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሱ የረዘመው ለዚህ ነው።

እዚሁ ሐዋሳ የአንድ መንፈሳዊ መጽሔት ገጽ ቅንብር ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ፣ ደጋግ ሰዎችም ናቸው። ገጹን እዚህ ፔጅሜከር በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም እንጨርሳለን፣ አዲስ አበባ ይታተማል፣ ከዚያ አውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይመጣል። መንገድ ላይ ዝናብ ካገኘው የላይኛው ጥቅል አይሸጥም።

ሐዋሳ ገብርኤልን ያነገሠ ሰው ያውቀዋል፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከተማው ነጭ ይለብሳል። በሩ ላይ መጽሔታችንን የምትሸጥልን አንዲት እናት ነበረች። ማንበብ አትችልም። ግን እያንዳንዱን እትም በሽፋኑ ለይታ ታውቃለች፦ «ያ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ያለበት»፣ «ያ ሰማያዊው፣ ስለ ጋብቻ የሚለው»። አዲስ እትም ሲመጣ ማታ ልጇን ታስነብባለች፣ ጠዋት ደግሞ ለገዢው ውስጡ ምን ምን እንዳለ ከእኛ አስበልጣ ትነግረዋለች። አስተማሪው ሁለት እንደሚወስድ፣ አንዱን ገጠር ላሉት እናቱ እንደሚልክ ታውቃለች። ዱቤም ትሰጣለች። ዱቤ የወሰደውን ሰው የምትይዘው በፊቱ ነው፣ ሒሳቧም ንቅንቅ አይልም። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ መጽሔቱን በላስቲክ ትሸፍናለች፣ ከዚያ ነው ራሷን የምታስጠልለው።

ኅትመቱ እንዲቆም ሲወሰን ለእሷ የሚነግር ጠፋ። እኔ ተላክሁ። «ከእንግዲህ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚወጣው» አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ እኔ ምን ይዤ ልቁም?» አለችኝ። ያኔም መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም።

ሁለተኛው ቁጭት የድሮዎቹ እትሞች ጉዳይ ነው። ስብሰባው ላይ «መጀመሪያ የድሮዎቹ ይግቡ» ብለን የተከራከርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። ችግሩ ፊደሉ ነው። ያኔ የምንጽፍበት ፎንት የእኛን ፊደል የሚያስቀምጠው በላቲኑ ፊደል ቦታ ነበር። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ አማርኛ ነው፤ የሌለበት ላይ ግን የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ትርምስ ይሆናል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደላት ቁጥር ሥርዓት፣ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣ የአማርኛ ፎንት ያየነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ ከተባለው የዊንዶውስ ዓይነት ጋር ነው። ስለዚህ የድሮውን ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍ አይሆንም፤ ወይ በመቀየሪያ አሳልፎ መስመር በመስመር ማረም ነው፣ ወይ እንደገና መተየብ። «አዲሱን እንጀምር፣ የድሮው ይደርሳል» ተባለ።

አልደረሰም። ቢሮው ሲቀየር ኮምፒውተሩ ተሸጠ። ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ ውጭ ሄደ፣ የአድራሻውን ዓመታዊ ክፍያ የሚከፍል ሰው ጠፋ። አንድ ቀን ብከፍተው የቁማር ማስታወቂያ ተቀበለኝ! በየአድባራቱ እየዞርን ከሽማግሌ አባቶች አፍ የሰበሰብነው ታሪክ እዚያ እትሞች ውስጥ ነበር፤ ከነገሩን አባቶች አብዛኞቹ አርፈዋል።

የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ 9 ሺህ ገደማ ብራናዎች በማይክሮፊልም፣ ገጹን አሳንሶ በሚይዝ የፎቶ ፊልም፣ ተነሥተዋል፤ ቅጂያቸው አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኒሶታም አለ። ከ500 ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና ዛሬ ስልኬ ላይ ከፍቼ አያለሁ። የእኛው የትናንት መጽሔት ግን የለም።

የዛሬ ልጅ አያነብም ባይ ነኝ። ርዕሱን አይቶ «አሜን» ብሎ ኮሜንት ጽፎ ያልፋል። እናንተም «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ» እያላችሁ አባሳችሁት። ግን ደግሞ ከጠፉት እትሞች የተወሰኑትን ያገኘልኝ ይኸው አያነብም ያልኩት ልጅ ነው። አያቱ ሳጥን ውስጥ አግኝቶ ገጽ በገጽ በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። ሳጥን ውስጥ የቆዩበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ባለበት ወረቀት ማን ቆሎ ይጠቀልላል? ልጁ እስከ መጨረሻው አንብቦትም ነበር፤ እኔ ያሳለፍኩትን የፊደል ግድፈት ሁሉ ለቅሞ ነገረኝ።

እና ከምን ትጀምሩ? ከድሮው። አዲስ ነገር ከመለጠፋችሁ በፊት ያሉትን እትሞች ሰብስባችሁ አንሡ፣ ከዚያ በዩኒኮድ ተይቡ። የጽሑፍ ፎቶ ብቻ ከለጠፋችሁ ፈልጎ የሚያገኘው የለም፤ ከባድ ፒዲኤፍም የእናቶችን ፓኬጅ ይጨርሳል። ቻናሉ በአንድ ልጅ ስልክ ቁጥር ላይ አይንጠልጠል። ያ ልጅ ነገ ዱባይ ነው። የድረ ገጹን ክፍያ ቀን ከማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ጋር አስመዝግቡ። ገጾቹን ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው የኦንላይን ቤተ መዛግብት ላይም አስቀምጡ፣ ነፃ ነው። ስለ ሎጎና ስለ ቀለም አልናገርም፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ እንዲያውም ታበዙታላችሁ።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ኅትመቱን ጨርሳችሁ አትተዉት። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቤተ እምነት የተመሠረተው ክርስቲያን ሳይንስ ሞኒተር የተባለው ጋዜጣ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ዕለታዊ ኅትመቱን ሲያቆም ሳምንታዊ ኅትመት ይዞ ነው የቀጠለው። እናንተም በዓመት ሁለቴ፣ ለታኅሣሡና ለሐምሌው ገብርኤል፣ ከዌብሳይቱ የተመረጠ ቀጭን እትም አውጡ። ስንት ኮፒ ይበቃል የሚለውን በር ላይ የሚሸጡትን ጠይቁ። እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ ሁሌ አብዝቼ እየገመትኩ ቢሮው በተረፈ መጽሔት መቀመጫ ያጣ ነበር።