ስንት ይጎትታል ከማለት በፊት ስንት ይሸከማል?

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። በበጋ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር ወደ ተራሮቹ እየወጣን የምናድርበት፣ አልጋና ማዕድ ቤት ያለው ተሳቢ፣ እዚህ ትራቭል ትሬለር የሚሉትን፣ ለመግዛት ወስነናል። የመረጥነው ተሳቢ ባዶውን 5,600 ፓውንድ ይመዝናል፤ ከነጭነቱ ከ7,000 ፓውንድ እንዳይበልጥም ተጽፎበታል። ለመጎተቻ ያየሁት ያገለገለ ፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ ሲሆን፣ ሻጩ «11,000 ፓውንድ ይጎትታል፤ ምን ያሳስብዎታል?» ብሎኛል። የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ወረቀት ግን ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ1,480 ፓውንድ እንዳይበልጥ ያስጠነቅቃል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ የበሩን ወረቀት ይመኑ። ሻጩ ዋሽቶዎታል ማለቴ አይደለም። 11,000 የሚለው ቁጥር በዋናነት የሞተሩንና የማርሹን ጉልበት የሚናገር ሲሆን፣ አምራቾች በጋራ በሚከተሉት ጄ2807 በተባለው መለኪያ ሲሰላ መኪናው ውስጥ የሚታሰቡት እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የእርስዎ ቤተሰብ አምስት ነው። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ከተገጠመለት ዕቃ ሁሉ ጋር የዚያው የአንዱ መኪና የመሸከም አቅም ነው፤ ስለዚህ መንታ የሚመስሉ ሁለት ኤፍ-150ዎች እንኳ በመቶዎች በሚቆጠር ፓውንድ ሊለያዩ ይችላሉ።

ተሳቢ ይጎተታል እንጂ አይጫንም ብለው እንዳይዘናጉ። ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ተሳቢው ከፒክአፑ ጋር በሚያያዝበት ጋንቾ ላይ በቀጥታ ያርፋል፤ ማረፍም አለበት፤ ከ10 በመቶ ካነሰ ነፋስ ሲመታው ወይም ከባድ መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ተሳቢው ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራልና፣ ያ ውዝዋዜ አንዴ ከበረታ ፒክአፑንም ይዞት ከመንገድ ሊወጣ ይችላል። 13 በመቶውን ብንወስድ ከ7,000 ፓውንዱ 910 የሚያርፈው በፒክአፑ ላይ ነው። የጋንቾው መሣሪያ 90፣ እርስዎና ባለቤትዎ 320፣ ልጆቹ 200፣ ብስክሌቱና ሻንጣው 200 ብንል ድምሩ 1,720 ይሆናል። በ240 ፓውንድ በልጧል፤ ልጆቹም ያድጋሉ። 5,600 የሚለውን የባዶ ክብደት ለሂሳብ አይጠቀሙበት፤ ውሃ ብቻውን በጋሎን 8.3 ፓውንድ ስለሚመዝን፣ 40 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ሲሞላ ከ330 ፓውንድ በላይ ይጨምራል።

ከአቅም በላይ ሲጫን የመኪናው ጀርባ ይረግጣል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ የፊት ጎማዎቹም አስፋልቱን በደንብ ስለማይጨብጡ መሪውና ፍሬኑ እንደወትሮው አይታዘዙም። ይህን ለማቃናት ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ተሳቢው አክስል የሚያከፋፍል፣ ሁለት ዘንግ ያለው ጋንቾ አለ፤ ለእርስዎ ተሳቢም ግድ ነው። ሆኖም በሩ ላይ የተጻፈውን 1,480 ከፍ አያደርገውም፤ ያደርገዋል የሚል ቢያጋጥምዎ አይስሙት።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው። ከነጭነቱ 5,000 ፓውንድ የሚመዝን አነስተኛ ተሳቢ ቢወስዱ፣ በዚያው ሂሳብ 1,460 ስለሚደርስ የሚተርፍዎ 20 ፓውንድ ብቻ ነው፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያሳልፈዋል። እኔ የምመክርዎ ግን ሁለተኛውን፣ ከኤፍ-150 አንድ ደረጃ ከፍ ያለውንና በልማድ ባለ ሦስት አራተኛ ቶን የሚባለውን የፒክአፕ መደብ፣ ማለትም ኤፍ-250፣ ሲልቨራዶ 2500 ወይም ራም 2500 እንዲያዩ ነው። ናፍጣው ጉልበተኛ ቢሆንም ሞተሩ ከባድ በመሆኑ ከመሸከም አቅሙ ላይ ይቀንሳል፤ ለ7,000 ፓውንድ ተሳቢ ቤንዚኑ ይበቃል። ባዶውን ሲነዳ ግን ባሌስትራው ደረቅ ነውና ያንገጫግጫል፣ ለማቆምም ያስቸግራል፤ ባለቤትዎ ሳይነዱት አይግዙ።

ስለ መንገድዎም አንድ ነገር ልጨምር። ከዴንቨር በ70ኛው አውራ ጎዳና ሲወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ወይም 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ፣ እዚያ ሲደርስ ሲሦውን ሊያጣ ይቀርባል። በመዘግየት ግን ማንም አልሞተም፤ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ወደ ዴንቨር ሲመለሱ ለከባድ መኪና ሾፌሮች «ገና ወርዳችሁ አልጨረሳችሁም» የሚል ምልክት የተተከለው ፍሬን እያጋሉ የሚወርዱ ስላሉ ነው። ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ማርሽ ይቀንሱ፣ የተሳቢው ኤሌክትሪክ ፍሬን መሥራቱንም ከሾፌሩ ወንበር በሚታዘዘው መቆጣጠሪያ ባዶ ቦታ ላይ ይሞክሩ።

ከገዙ በኋላ ውሃውን ሞልተው፣ ቤተሰቡን ሁሉ አሳፍረው፣ የከባድ መኪኖች ማረፊያ ውስጥ ያለው ሚዛን ላይ ይውጡ። የፊት አክስሉን፣ የኋላ አክስሉንና የተሳቢውን ክብደት ለየብቻ አትሞ ይሰጥዎታል፤ የፒክአፑን ሁለቱን ቁጥሮች በር ላይ ከተጻፈው የእያንዳንዱ አክስል ገደብ ጋር ያስተያዩ። ኦሮራ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳ ወገን አያጡም፤ ሚዛኑ ላይ እንዴት እንደሚቆም ያሳይዎታል።