በአንድ በዓል ሁለት ቤተሰብ መጠየቅ

«በዓል በመጣ ቁጥር የእኔም የባሌም ቤተሰብ ይጠብቁናል። የ10 ወሯ ልጄ አያቷን ስታይ ታለቅሳለች፣ የ14 ዓመቱ ደግሞ አልሄድም ይላል» ላልሽው እህቴ፦

በአንድ ቀን ሁለቱንም ቤት ለማዳረስ አትሩጪ። ዋናውን ቀን ለአንዱ ወገን፣ ተከታዩን እሁድ ለሌላው ስጪ። በሚቀጥለው በዓል ተራው ይቀየር። አማትሽን መጀመሪያ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ስለዚህ ባልሽ ራሱ ይንገራቸው፣ ያውም ቀደም ብሎ።

የትንሿ ለቅሶ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። ብዙ ሕፃናት ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ አዲስ ፊት ይፈራሉ። ለወራት ካላየቻቸው አያቷም አዲስ ፊት ናቸው (ይህን ለእሳቸው ማስረዳት ነው ከባዱ!)። ገና ከበር ስትገቡ ከእጅሽ ተቀብለው አይሳሟት። አንቺ ታቅፈሻት ቁጭ በይና ከአያቷ ጋር ተጫወቺ። አንገትሽ ሥር ሆና አጮልቃ ታያለች፣ ትደበቃለች፣ ደግማ ታያለች። እጇን ወደ አያቷ መነጽር ከዘረጋች በቃ፣ ተላምደዋል።

እንቅልፏን ግን አትንኪባት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት አለበት።

ትልቁን በተመለከተ፣ በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ስለሚዘገይ ጠዋት መነሳት የምር ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ውጡ። የምትመለሱበትንም ሰዓት ቁርጡን ንገሪው፤ «ትንሽ ቆይተን» የሚባለውን ነገር ማንም አያምነውም።